ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ አስቸገረ ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ ፎርማት፤ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ዘገየ? ፎርማት ይደረግ። ማስታወቂያ በራሱ ጊዜ እየተከፈተ አላሠራ አለ? ፎርማት። ቫይረስ ከገባበትማ ማንም ሁለተኛ ሐሳብ አያነሳም።

ፎርማትን አልጠላም። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ እሱ ነው። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ፤ ማሽኑ የሚጸዳው ከዚያ በኋላ ነው። ላፕቶፕ ውድ ነው፣ ይገባኛል። በዚህ ኑሮ ሌላ መግዛት ቀላል አይደለም። ግን ገንዘብ ሲገኝ ይተካል። በሕይወት የሌለች እናት ፎቶ፣ ሁለት ዓመት የተለፋበት መመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ፣ የልጅ የመጀመሪያ ሳቅ ያለበት ቪዲዮ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።

ብዙ ሰው ፋይሉን የሚያጣው በቫይረሱ አይደለም። በፎርማቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥገና ቤት ስንሄድ ልጁ «ዲ ላይ ያለው አይነካም፣ ሲ ብቻ ነው የማጠፋው» ይለናል። ሲ እና ዲ የላፕቶፑ ዲስክ ክፍሎች ናቸው፤ ዊንዶውስ ያለው ሲ ላይ ነው። እውነቱን ነው። እኛም ደስ ብሎን እሺ እንላለን። ግን ዴስክቶፕ የት ነው ያለው? ሲ ውስጥ ነው። ዶክመንትስም፣ ዳውንሎድስም፣ በኮምፒውተር ቴሌግራም ያወረድናቸው ፋይሎችም ሲ ውስጥ ናቸው። እስኪ የምታውቁትን ተማሪ ላፕቶፕ ክፈቱና እዩ። ሁሉ ነገር ዴስክቶፕ ላይ ተደርድሯል። ዲ ድራይቭ ውስጥ ያለው ፊልም ነው። ፎርማቱ ሲያልቅ ፊልሙ ይተርፋል፣ መመረቂያው ይጠፋል።

ስለዚህ ለጥገና ባለሙያው የምንለው ነገር ግልጽ መሆን አለበት። «ዴስክቶፔ ላይ ያለውን በሙሉ፣ የተጠቃሚ ስሜ ያለበትን ፎልደር እንዳለ አውጣልኝ። መውጣቱን ካየሁ በኋላ ብቻ ማሽኑን አጥፋው።» ይህን ማለት ነውር የለውም። ጥሩ ባለሙያ ራሱ ይጠይቃል።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ቤት መጣች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ማስተርሷን የምትሠራ ልጅ ናት፣ ፎክሎር። ጥናቷ በጣና ዳር የደንገል ታንኳ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። ወራት ሙሉ በሐይቁ ዳር እየዞረች ሽማግሌዎችን ቀርጻለች። ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ በምን እንደሚታሰር፣ ሲሠሩ ምን እንደሚያንጎራጉሩ። ከተቀረጹት አንዱ አባት ከዚያ በኋላ አርፈዋል።

«ጋሼ፣ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አሉኝ» አለችኝ። «ፍላሹ ላይ ሌላ ቅጂ ነበረኝ። እሱም ባዶ ሆኗል።»

«ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ፎልደሮቹ ይታያሉ፤ ስጫናቸው ግን ውስጣቸው ምንም የለም።»

ፍላሹን ቫይረስ በሌለበትና ኡቡንቱ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ኡቡንቱ በነፃ የሚገኝ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ እዚያ ላይ መነሳት አይችልም። ገና ስንከፍተው «ቃለ መጠይቅ»፣ «ፎቶ»፣ «ምዕራፍ ሁለት» የሚሉ ፎልደሮች በሙሉ ተደርድረው ታዩ። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ተመሳሳይ ስም ያለው፣ ሁለት ኪሎ ባይት የማይሞላ ትንሽ ፋይል አለ። አንድ ደግሞ ስሙ ትርጉም የማይሰጥ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው የትእዛዝ ፋይል። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድም ቀረጻ አልጠፋም ነበር።

ይህ እኛ ሀገር ሁሉም ሰው «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ነው። አሠራሩን ማወቅ ብዙ ፋይል ያተርፋል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ቫይረሱ ፋይሎቻችንን አያጠፋም። «የተደበቀ» እና «የሲስተም ፋይል» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ይለጥፍባቸዋል። ዊንዶውስ እነዚህ ምልክቶች ያሉበትን ፋይል ሳይጠየቅ አያሳይም። ከዚያ በየፎልደሩ ስም አንድ ሾርትከት፣ ማለትም ሲጫኑት ሌላ ፋይል የሚከፍት አቋራጭ፣ ይሠራል። መልኩ ፎልደር ይመስላል፤ በታችኛው ጥግ ላይ ግን ትንሽ ቀስት አለችበት። እኛ ፎልደሩን የከፈትን መስሎን ስንጫነው የሚነሳው ስክሪፕቱ ነው። ስክሪፕቱ ወደ ላፕቶፑ ይገባል፤ ዊንዶውስ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ ራሱን ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይደርሰዋል።

ቀስቷን ካያችሁ አትጫኑ። ፍላሹ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስን ክፈቱ። የሚታየው ነገር ጥቂት ኪሎ ባይት ሆኖ ሳለ ፍላሹ ሃያ ጊጋ ተይዟል ካለ ፋይላችሁ እዚያው ነው። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ ሁሉንም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ያጭቀዋል። እሱም ቢሆን አልጠፋም። «ፎርማት ዘ ዲስክ» የሚለውን የሚጫን ሰው ግን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ስንት ፍላሽ እንዲህ ሆኖ እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሊኑክስ የሌለው ሰው በዊንዶውስም ሊያወጣው ይችላል። በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «አትሪብ» የሚባለው ትእዛዝ የተለጠፉትን ምልክቶች ያነሳል። ኢንተርኔት ላይ «ሾርትከት ቫይረስ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሙሉው ትእዛዝ በየቦታው አለ። ግን ላፕቶፑ ራሱ ካልጸዳ እናንተ ስትገልጡት እሱ መልሶ ይደብቀዋል። በንጹሕ ማሽን ላይ ሥሩት።

ፍላሹ ላይ የነበረው ቅጂ ግን የቆየ ነበር። የመጨረሻዎቹ ቀረጻዎችና ሦስተኛው ምዕራፍ ያሉት ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው። እሱን በራሱ ዊንዶውስ ማስነሳት አልፈለግኩም። የተበከለ ዊንዶውስ ላይ ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ) ከሰካን ኤክስተርናሉም ይበከላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ከኡቡንቱ ፍላሽ አስነሳነው። ሲከፈት ዴል እና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤች ፒ ላይ ኤፍ9 ሲጫን ከየት ልነሳ ብሎ ይጠይቃል። ኡቡንቱን ሳይጭኑ «ትራይ» የሚለውን መምረጥ በቂ ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም አይጻፍም። ዊንዶውሱ እንደተኛ ፋይሉ ይገለበጣል።

አዲስ ላፕቶፕ ያላቸው አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ዊንዶውስ 11 ያለባቸው ብዙ ማሽኖች ዲስካቸው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ነው የሚመጡት። እንዲህ ያለውን ከውጭ ለመክፈት 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠየቃል። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ችግር ሳይመጣ ዛሬውኑ ፈልጉትና ወረቀት ላይ ጻፉት።

ስንገለብጥ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ደካማ ስለነበር እሱም ጠፋ። ምንም አልደነገጥንም፤ ምክንያቱም ያደረግነው ኮፒ ነው እንጂ ከት አይደለም። እባካችሁ ይህን ልጆቻችሁንም አስተምሩ። ከት ሲደረግ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ እዚህም እዚያም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ኮፒ ሲደረግ ዋናው ካለበት አይነቃነቅም። መብራት ሲመጣ እንደገና ጀመርን።

ያወጣነውም ሁሉንም አይደለም። የጽሑፍ ሰነድ፣ ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ። የፕሮግራም መጫኛዎችን አላወጣንም። የፕሮግራም ፋይል ውስጥ ራሱን የሚያጣብቅ የቫይረስ ዝርያ አለ። «ሳሊቲ» የሚባለው ለዓመታት ያስቸገረው በዚህ መንገድ ነው። ያን መጫኛ ከባክአፕ መልሶ መክፈት ቫይረሱን በእጅ መልሶ ማስገባት ነው። ፕሮግራም ሁሌም እንደገና ይገኛል።

ልንጨርስ ስንል ልጅቷ «የአባቴም ነገር አለ» አለች። አባቷ የዕድር ጸሐፊ ናቸው። የብዙ ዓመት ቃለ ጉባኤና የአባላት ዝርዝር እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ አማርኛ የሚጻፈው የየራሳቸው አሠራር ባላቸው ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት አማርኛ ሆኖ አይነበብም። የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። ፎንቱ የሚቀመጠው ደግሞ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው። ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይሄዳል። ሰነዱ ተርፎ ማንም ሊያነበው የማይችል ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ፎንቶቹን አብረን ገለበጥን። የቃለ ጉባኤዎቹንም ፒዲኤፍ ሠራን። ፒዲኤፍ ፎንቱን ውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። በቤታችሁ፣ በዕድራችሁ፣ በሰበካ ጉባኤያችሁ እንዲህ ያለ የቆየ ሰነድ ካለ ፎንቱ ያለበት ማሽን ሳይበላሽ ይህን ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ከሾርትከት ቫይረስ የሚከፋው ፋይል የሚቆልፈው ነው፤ ራንሰምዌር። እሱ አይደብቅም። በእውነት ይቆልፋል። በኛ አካባቢ ተማሪና ትንንሽ ቢሮ ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ «ስቶፕ» ወይም «ዲጄቪዩ» የሚባለው ቤተሰብ ነው። የሚገባው በክራክ ነው፤ ሳይከፈልበት እንዲሠራ በተሰበረ ፕሮግራም። ፎቶሾፕ በነፃ፣ ኦፊስ በነፃ፣ አክቲቬተር ብለን የምናወርደው ነገር «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይለናል። አንድ ፕሮግራም ዘበኛውን አስወጣልኝ ብሎ ሲጠይቅ ለምን እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከተቆለፈ በኋላ የሚመጣው መልእክት ለዓመታት 980 ዶላር ሲጠይቅ ነበር፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ ግማሹን። እዚህ ከተማ ይህን የሚከፍል ተማሪ የለም። መክፈሉም አይመከርም።

ግን እዚህም ላይ ለማጥፋት አትቸኩሉ። ለ«ስቶፕ» የድሮ ዝርያዎች ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በነፃ መፍቻ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር የከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ድረ ገጽም አለ። የተቆለፈ ፋይል ሲሰጡት መፍቻ ካለው ይነግራል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ሌላም አለ። ይህ ቫይረስ ለፍጥነት ሲል የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ፣ 150 ኪሎ ባይት ያህሉን ብቻ ነው የሚቆልፈው። ለአጭር የጽሑፍ ሰነድ ያ ሁሉ ነገር ነው። የአንድ ሰዓት የድምፅ ቀረጻ ግን አብዛኛው ክፍሉ ሳይነካ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ሊጠገን ይችላል። ስለዚህ የተቆለፈውንም ቢሆን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዛሬ የማይፈታ ነገ ሊፈታ ይችላል።

«ይህን ሁሉ ከማየት ደመና ላይ ማስቀመጥ አይሻልም?» የሚሉኝ አሉ፤ በኢንተርኔት በኩል ፋይል የሚቀመጥበትን ማከማቻ ማለታቸው ነው። ጎግል 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፤ ተጠቀሙበት። ለጽሑፍ ሰነድ ከበቂ በላይ ነው። ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደመና ላይ ብቻ የነበረ ሥራ ሁሉ ባለቤቱ አጠገብ አልነበረም። ፋይሉ አለ፣ መድረሻው የለም። የእኛ ከተማ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ ቅጂ ግድ ነው።

የሚመከረው ሦስት ቅጂ ነው። አንዱ የምንሠራበት ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላው በተለየ ዕቃ ላይ፣ ሦስተኛው ከቤት ውጭ ሌላ ቦታ። ሰው ሦስተኛውን ይዘነጋል። ሌባ ሲገባ ላፕቶፑንም ኤክስተርናሉንም አብሮ ነው የሚወስደው። እሳትም እንደዚያው። እዚሁ ሐይቁ ላይ ይህን የሠሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ምሁር ወደ ጣና ደሴቶች መጥተው የገዳማቱን ብራናዎች በፊልም አንስተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ የሀገሪቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ቅጂው እዚህ ብቻ አልቀረም፤ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚገኝ ቤተ መጻሕፍትም ተቀምጧል። ብራናው በደሴቱ፣ ቅጂው ውቅያኖስ ማዶ። ለእኛ ደብረ ታቦር ያለች አክስት ትበቃለች። የጎረቤታችን ልጅ ያደረገችውም ይህንኑ ነው። የቀረጻዎቹን ቅጂ በፍላሽ አድርጋ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጋ፣ ቀን ጽፋበት ለአክስቷ ላከች።

ኤክስተርናሉ ሁሌ ተሰክቶ መዋል የለበትም። ራንሰምዌር የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት። ከዚያ ደግሞ ይክፈት አይክፈት ሞክሩት። ያልተሞከረ ባክአፕ አላምንም። እኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን ከቀረጻዎቹ አንዱን ከፈትን። የአረፉት አባት ድምፅ መጣ። ደንገሉን ጥብቅ አድርገው ሲያስሩት የሚንቋቋው ድምፅ ከንግግራቸው ሥር ይሰማል። «ላላ ካደረግሽው ውሃ ይጠጣል» ይሏታል። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ፎርማቱ የተደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ያው ጥገና ቤት ወሰደችው፤ በአንድ ከሰዓት አለቀ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኳት፤ ዊንዶውስ 10 እንዳይጭኑላት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽኑ ከቻለ 11 ይሻላል። አንቲቫይረስ መግዛት አላስፈለጋትም። ዲፌንደር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ በየጊዜው እስከታደሰ ድረስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ማዘመኛውን ብቻውን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይችላል። ኤክስተርናሉን ወደ አዲሱ ዊንዶውስ ከመመለሳችን በፊት በዲፌንደር አስፈተሽነው።

ፋይል ተመለሰ፣ ማሽኑ ጸዳ ማለት ግን ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። ከሾርትከት ቫይረሶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2013 የታወቀው «ሁዲኒ» ፎልደር መደበቅ ብቻ አልነበረም ሥራው። ላፕቶፑን ከርቀት ለሚቆጣጠር ሰው በር ይከፍት ነበር። ስለዚህ ከጸዳ በኋላ የኢሜይል የይለፍ ቃል ይቀየራል። በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ የማያውቁትን ማሽን ማስወጣት፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም ማብራት ያስፈልጋል። ይህን በስልኳ እዚያው ተቀምጠን ጨረስነው።

የቀረው የፍላሽ ነገር ነው። ቫይረሱ ከየት እንደመጣ ስትነግረኝ አልገረመኝም። ግቢው በር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ረቂቋን ልታሳትም ፍላሿን ሰክታለች። እዚያ ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ተማሪ ፍላሽ ይሰካል! ባለቤቶቹንም አልወቅስም፤ የመጣላቸውን ነው የሚያስተናግዱት። አሁን የሚታተመውን በፒዲኤፍ አድርጋ በቴሌግራም ትልክላቸዋለች። ኔትወርክ ከሌለ ሌላ ምንም የሌለበት ለሕትመት ብቻ የተለየ ትንሽ ፍላሽ አላት። ቀረጻዎቹ ያሉበት ፍላሽ ከቤት አይወጣም። የክፍል ጓደኞቿንም ፍላሽ አንድ በአንድ እንድትሰበስብ ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ ይዛቸው ትመጣለች፤ በኡቡንቱው እንከፍታቸዋለን።